ምልክቷ በግራ ነው

ፍኖተ ሰላም
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለናጂሃ መሐመድአወል
ጂዳ

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ናጅየ፣ አንቺም ሙንዲርም እንደምን ናችሁ? እኔ ናፍቆትን ከበሽታ ካልቆጠርሽብኝ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ዘንድሮ ተሽሎኛል። አባትሽም ደህና ናቸው። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽም ስለሳቸው ነው።

ደብዳቤውን አክስትሽ ራጂያ ለዑምራ ስትመጣ ታደርስልሻለች። እሷም በአፏ ታወራልሻለች፤ ግን የአባትሽን እህት ታውቂያታለሽ፣ የሰማችውን ስትነግርሽ ያልሰማችውንም አትተወውም። አንቺ እኔ የጻፍኩልሽን ያዥ። በስልክ እንዳልነግርሽ ኔትወርኩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ሲሠራም ከጎኔ ሰው አይጠፋም፤ ይኸ ደግሞ ሰው ፊት የሚወራ አይደለም።

እሁድ ኒካሑ እንዳለቀ "አባየ አላናገሩኝም እኮ እማየ፤ ዛሬም አልታረቁኝም" ብለሽ አለቀስሽ። በሰርግሽ ቀን አለቀስሽ። እኔ "ተይ፣ ደክሟቸው ነው" ብቻ ብየ አለፍኩት፤ እንግዳው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነበር። ልጄ፣ አንቺ የሰማሽው ድምፅ ብቻ ነው። እኔ ግን ፊታቸውን እያየሁ ነበር። ያየሁትን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። ከመነሻው ካልጀመርኩልሽ ግን አይገባሽም፤ ነገሩ የተነሣው ከካናቴራ ወረቀት ነው።

የካናቴራ ማተሚያ ሱቅሽ እንደነበረው ነው። ስትሄጂ ቆልፈሽው ነበር፤ እኔ ደግሞ ወደ ገበያ በወጣሁ ቁጥር የተዘጋ በርሽን ማየት አላስቻለኝም። እህተ ማርያም "ኮምፒውተሩን እኔ፣ መተኮሻ ማሽኑን እርስዎ እንያዝ" አለችኝና ከፈትነው። ይህን ታውቂያለሽ። ስንት ካናቴራ እንዳበላሸሁ ግን ማንም አልነገረሽም፤ ጓደኛሽ ምስጢር ታውቃለች።

ደንበኛ ሲገባ ሐሳቡ ሁሉ ሥዕሉ ላይ ነው። እኔ አሁን ሰውየው ገና ደረጃው ላይ ሳለ "ልብሱ ምን ቀለም ነው?" ብየ ነው የምቀበለው፤ ወረቀቱን የሚመርጠው ልብሱ ነውና። ስሱ ወረቀት ለነጭ፣ ወፍራሙ ለጥቁርና ለደማቅ ብለሽ ነግረሽኝ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን በመምህር ክንፈሚካኤል ነው። መምህሩ ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው ፎቷቸውን በቢጫ ካናቴራ ላይ ሊያሳትሙ መጡ። ቢጫው ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ስሱ ወረቀት ይበቃዋል ብየ አተምኩት። ስሱ ወረቀት ለካ የራሱ ነጭ የለውም! ሥዕሉ ላይ ነጭ መሆን የነበረበት ቦታ ሁሉ የልብሱን ቀለም ይዞ ይቀራል። የመምህሩ ዓይን ቢጫ፣ ጥርሳቸው ቢጫ፣ ሽበታቸው ሳይቀር ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ የወፍ በሽታ የያዛቸው መሰሉ። ራሳቸው መጥተው አዩትና፣ "ወይዘሮ ኡምሀኒ፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ነው እንጂ ሆስፒታል ልገባ ነው እንዴ?" አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ስቀው ያንኑ ለበሱት፤ አሁንም ሲያርሱ ይለብሱታል አሉ።

ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት ካለበት ልብሱ ነጭ ካልሆነ በቀር ስሱን ወረቀት አልነካም። ወፍራሙ ነጩን ከራሱ ጋር ይዞት ይመጣል፤ ከሥር ያለው ልብስ ጥቁር ይሁን ቀይ ግድ የለውም። አሠራሩ ግን ይለያል። ስሱ በፊቱ ተደፍቶ ስለሚተኮስ፣ ሥዕሉ በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ መታተም አለበት። ወፍራሙ ግን ከጀርባው ከተለጠፈበት ወረቀት ይላጥና ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ እሱ አይገለበጥም። እናት ለልጇ የልጇን ሙያ ስታስተምር እንዳትስቂብኝ፤ የምጽፈው ኋላ የሆነው እንዲገባሽ ነው።

ሽማግሎቹ የመጡት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። የሙንዲር አጎት ከከሚሴ ድረስ ደክመው መጡ፤ ከዚህም የተከበሩ ሰዎች ይዘው ነው። አባትሽን ከቡሬ አስጠራኋቸው። ይህን በስልክ ነግሬሽ አላውቅም፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሚያድሩት ቡሬ፣ ከልብስ ሱቃቸው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። እዚህ የሚመጡት ለጁምዓ ነው። ለምን ብየ ስጠይቃቸው "ቤቱ ይሰፋኛል" ነው የሚሉኝ።

እንግዶቹን በሚገባ ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ ቃላቸውንም አንድ ሳያቋርጡ ሰሙ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ "ልጅቱ ስትሄድ አልጠየቀችኝም። እናንተ ዛሬ ብትጠይቁኝ ከእጄ የሌለውን ከየት አምጥቼ ልስጣችሁ?"

የሙንዲር አጎትም "አባቷ እርስዎ ነዎት። ያለ እርስዎ ቃል ኒካሑ እንዴት ይታሰራል?" አሏቸው።

"አባት እንደሌላት ሁና ነው የሄደችው። እንደዚያው ይሁን።"

ይህን ብለው ጋቢያቸውን አነሡና ወጡ። ሽማግሎቹ መሬት መሬት አዩ። እኔ ጓዳ ቆሜ ነበር። ከሄድሽበት ቀን ጀምሮ ስምሽን ሲጠሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ "ልጅቱ" ነው የሚሉሽ፣ ሲከፋቸው ደግሞ "ልጅሽ" ይሉኛል። ራጂያ "በቃ አጎቷ ይዳሯት" አለች። አንቺም በስልክ "አባየ ካልሆኑ አላገባም" አልሽ። እሳቸው ወዲያ፣ አንቺ ወዲህ። ሁለታችሁም በአንድ ልክ የተቆረጣችሁ ናችሁ፤ መሐል ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።

በዚህ መሐል እህተ ማርያምና ጓደኞችሽ ተሰብስበው መጡብኝ። "እሷ ባትኖርም ሰርጓ ሰርጋችን ነው፤ ፎቶዋ ያለበት ካናቴራ ለብሰን እንደግሳለን" አሉ። "አባቷ እሽ ሳይሉ?" ብላቸው፣ እህተ ማርያም "እኛ እንዘጋጅ እማማ፤ እሽታው ይደርስብናል። ሁለቱም ጾም ሳይገባ ካልደገስን እኔም ሥጋ አልበላ፣ እርስዎም ቀን አይበሉ፤ የምን ድግስ ነው?" አለች። እውነቷን ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተከታትለው ነው የሚገቡት።

ነጭ ይሁን አሉ፤ ስሱ ወረቀት ሞልቷል፣ ወፍራሙ ግን አልቋል ብለው። እኔ እምቢ አልኩ። የመረጥነው ፎቶ ያ ሱቁ በር ላይ ቆመሽ የሳቅሽው፣ ብርቱካን ሻሽ የለበስሽበት ነው። ነጭ ላይ ይፈዛል። ጥቁር አረንጓዴ ላይ ግን እንደ መብራት ይወጣል። ወፍራሙን ወረቀት ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ሹፌር አስላክን፤ ካናቴራውን ለማምጣት እኔ ቡሬ ሄድኩ። አባትሽ ዘንድ። ሌላ ሱቅ ጠፍቶ አይደለም።

"ምን ፈልገሽ መጣሽ?" አሉኝ።

"ካናቴራ።"

"ቀለሙ?"

"ጥቁር አረንጓዴ።"

ሁለት ዓይነት አወረዱ። አንዱን በጣታቸው አሻሹና መልሰው ሰቀሉት። "ይኸኛው ናይለን አለበት፤ ማሽንሽ ላይ ይኮማተራል። ጥጡን ውሰጅ።"

እኔ ገርሞኝ አየኋቸው። ሱቅሽን ረግጠውት አያውቁም። አንቺ በነበርሽ ጊዜ "የወረቀት ሥራ" እያሉ ያናንቁት የነበረ ነው። "ይህን ከየት አወቁት?" ብላቸው፣ "ልብስ ነጋዴ አይደለሁም?" አሉኝ። ቀጥለው ቀና ሳይሉ "ለምን ጉዳይ ነው?" አሉ።

"ለሰርግ።"

"የማን?"

ካናቴራውን መቁጠር ጀመርኩ። እሳቸውም አልደገሙ። ካናቴራዎቹን እያጠፉ በላስቲክ አደረጉልኝና "የጎደለውን አስመጥቼ አደርስልሻለሁ" አሉኝ። ሌላ ቃል የለም። ሚኒባሱ ውስጥ ላስቲኩን ታቅፌ ማንኩሳን አልፌ ፍኖተ ሰላም እስክደርስ፣ እሽ ማለታቸው ይሁን ነጋዴነታቸው መለየት አቅቶኝ መጣሁ።

በነጋታው ጁምዓ ነበር። የእህተ ማርያም ሕፃን አተኮሰውና ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ ሱቁ ላይ ብቻየን ቀረሁ። ወረቀቱ ደርሷል፣ ካናቴራው አለ። አንዱን እንኳን ሞክሬ ልቆይ ብየ ፎቶሽን ከፈትኩና አተምኩት። ከጀርባው ላጥኩ፣ ካናቴራው ላይ በፊቱ ወደ ላይ አስቀመጥኩት፣ መሸፈኛውን ወረቀት አለበስኩት፣ ማሽኑን ጫንኩት። ሳነሣው ቀለሙ ያማረ ነው፣ ጥርስሽ ነጭ፣ ሻሽሽ ብርቱካን። ግን አንቺ አይደለሽም።

እንዴት ብየ ልንገርሽ ናጅየ። አንቺ ነሽ፤ አፍንጫው ያንቺ ነው፣ ሳቁ ያንቺ ነው። ግን አንዲት የማላውቃት ልጅ፣ አንቺን የምትመስል የሌላ ሰው ልጅ ናት የምታየኝ። ወደ በሩ ይዠው ወጣሁ፣ በፀሐይ አየሁት። ያው ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣብኝና ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። መልኳን ረሳሁት አልኩ። እናት ሆኜ የልጄን ፊት ረሳሁት። በስልክ ከደቂቃ በላይ ሳትቆራረጭ አይቼሽ አላውቅም፣ ዓመቱም ሄዷል፤ ሳላውቀው ከዓይኔ እየወጣሽ ኖሯል አልኩ። ሰው ቢገባ እንባየን እንዳያይ ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ።

የገባው አባትሽ ነበሩ።

ከመስጊድ እንደወጡ፣ የጎደሉትን ካናቴራዎች በእጃቸው ይዘው ደረጃው ላይ ቆመዋል። "አሰላሙ ዓለይኩም" አሉ፣ ገቡም። ላስቲኩን ሊያስቀምጡ ወደ ጠረጴዛው ቀረብ ሲሉ ካናቴራው ተዘርግቷል። አዩት። ላነሣው ነበር፤ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉኝ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡና አደረጉ። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። እኔ አሁን ይቆጣሉ፣ አሁን ጥለው ይወጣሉ እያልኩ እጠብቃለሁ።

"ተሳስተሻል" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ምልክቷን። በቀኝ አድርገሽዋል።" ጣታቸውን ጉንጭሽ ላይ፣ ከከንፈርሽ ከፍ ብላ ያለችው ጥቁር ነጥብ ላይ አደረጉ። "የናጂሃ ምልክት በግራ ነው። ልጅ ሁና ስትተኛ በቀኝ ጎኗ ነበር፤ ምልክቷ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ከቡሬ አምሽቼ ስመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።"

ናጂሃ አሉ። በአፋቸው። እኔ ስምሽን ሰማሁና ቀና ብየ አየኋቸው። እሳቸውም ያሉትን የሰሙት እኔ ቀና ስል መሰለኝ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ።

"እንዴት ሊሆን ቻለ?" አሉኝ ኋላ።

ነገርኳቸው። ቡሬ ከመሄዴ በፊት ለነጭ ካናቴራ ስናትም ኮምፒውተሩ ሥዕሉን እንዲገለብጥ አዝዘነው ኖሯል፤ እኔ ሳላየው ወፍራሙ ላይም ገለበጠው። "የዚህ ወረቀት አይገለበጥም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አልኳቸው። እንግዲህ መልክሽን አልረሳሁም ኖሯል! ዓይኔ አውቆታል፣ ልቤ ነው የደነገጠው። ይህን ለሳቸው አልነገርኳቸውም። ለአንቺ ነው የምነግርሽ።

"አስተካክይው እንግዲህ" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

አስተካክየ አተምኩት። ማሽኑን ሳነሣ ተነሥተው መጡ። አሁን አንቺ ነሽ፤ ምልክትሽ በግራ፣ ራስሽ። ጨርቁ ገና እየሞቀ ሳለ መዳፋቸውን ጫፉ ላይ አሳረፉና እንዲህ አሉኝ፤

"ለሽንዲው ሰው ቃል መስጠቴ እውነት ነው። ልጅህ ልጄን ያግባ አልኩት። ሰው ሁሉ ቃሌ ስለተሰበረ የተቆጣሁ ይመስለዋል፣ አንቺም። እምቢ ብትለኝ ኑሮ ቃሌን እበላው ነበር ኡምሀኒ። በገበያ መሐል እበላው ነበር። ለማን ብየ ነው ቃል የምጠብቀው? እሷ ግን እምቢ እንኳን አላለችኝም። እኔ ጁምዓ ስሰግድ ልብሷን ይዛ ሄደች። እምቢ የሚባል አባት አላደረገችኝም።"

ይህን ስጽፍልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ለምን እንደፈራሻቸው አውቃለሁ፤ ያኔ ፊታቸው የሚፈራ ነበር፣ አንቺም ልጅ ነበርሽ። ግን ቁጣቸው ምን እንደነበረ እንድታውቂ ፈለግሁ። ቁጣ አልነበረም።

የተበላሸውን ካናቴራ አነሡና "ይኸስ?" አሉ።

"ለእጅ መጥረጊያ ነዋ።"

"አይ" አሉኝ። "በልጄ ፊት እጅ አይጠረግም።" አጥፈው ሰጡኝ። በር ላይ ደርሰው ዘወር አሉና፣ "የከሚሴው ሰውየ አልሄዱም አይደል?" አሉ። "አልሄዱም፤ እርስዎን ነው የሚጠብቁ" አልኳቸው። "ልጁ ይሰግዳል?" "ይሰግዳል ብለዋል።" "ይበሉ እንጂ፤ አጎቱ አይደሉ!" አሉና ወጡ። ሲወርዱ ደረጃውን ሳቱት፤ ደግነቱ አልወደቁም።

ያን የተበላሸ ካናቴራ ቤት ወሰድኩት። ማን ያየኛል ብየ ለብሸው፣ ያንቺ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው መስታወት ፊት ቆምኩ። መስታወቱ የተገለበጠውን ገልብጦ ምልክትሽን ወደ ግራ መለሰው። እዚያ ውስጥ እኔም አለሁ፣ አንቺም አለሽ፣ ደረቴ ላይ ሁነሽ በደንብ ታይኛለሽ። እስከሚደክመኝ ቆምኩ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለራጂያ በተለይ።

እንግዲህ ወደ እሁዱ ልምጣልሽ።

ግቢው ሞልቶ ነበር። ለወጡ የቆጋ መስኖ ሽንኩርት በጆንያ መጣ፤ ስትልጥ ያላለቀሰች ጎረቤት የለችም። ማንጎው አብቧል፣ ሰዎቹ ከሥሩ ምንጣፍ ዘርግተው ተቀመጡ። ጓደኞችሽ ሁሉም ጥቁር አረንጓዴ ለብሰው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ትሪ ስትቀበይ ፊትሽ፣ በር ስትከፍቺ ፊትሽ፣ ዞር ብትይ ፊትሽ። ናጅየ፣ ግቢው በአንቺ ተሞልቶ አንቺ ብቻ የለሽበትም።

ስልኩን በርጩማ ላይ አድርገው ድምፁን ከፍ አደረጉት። ኢማሙ ሲጠይቋቸው አባትሽ "ልጄን ናጂሃን ድሬሃለሁ" አሉ፣ ሳይንተባተቡ። ሙንዲርም "ተቀብያለሁ" አለ። ይህን ሰምተሻል። ዱዓው ካለቀ በኋላ ኢማሙ ድምፁን ዝቅ አድርገው ስልኩን ለአባትሽ ሰጧቸውና "ሙሽራዋን ያናግሯት" አሏቸው። አንቺም "አባየ" አልሽ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁሽ። "አባየ፣ ናጂሃ ነኝ" አልሽ።

አንቺ ከዚያ በኋላ የሰማሽው ዝምታና የራጂያ ድምፅ ነው። እኔ ያየሁት ይኸ ነው። ከንፈራቸው ተከፈተ። ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ስልኩ ከጆሯቸው እየወረደ ሄደ፤ ራጂያ ተቀበለቻቸው። ተነሥተው በሰው መሐል አልፈው ከቤቱ ኋላ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አድርገው ቆመዋል።

"ምን ሆኑ? ልጅቱ እኮ እየጠበቀች ነው" አልኳቸው።

"ድምጿ" አሉኝ።

"ድምጿ ምን ሆነ?"

"የትልቅ ሰው ድምፅ ሆኗል። እኔ ልናገር የተዘጋጀሁት ለዚያች ለልጅቱ ነበር። መቼ ነው እንዲህ የሆነው? የት ነበርኩ እኔ?"

እኔም እዚህ ነበርኩ እንጂ አንቺ ዘንድ አልነበርኩም። ድምፅሽ ሲለወጥ፣ ስትታመሚ፣ የሰው ቤት ወለል ስታጥቢ፣ ሙንዲርን መጀመሪያ ስታይው፣ ማናችንም አልነበርንም። አብረን አጥሩን እያየን ቆየን። ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ እንግዶቹ ተመለሱ። ይኸ ነው የሆነው ልጄ። ኩርፊያ አይደለም። ቃል አጥተው ነው።

ከእሁድ ወዲህ ቡሬ አላደሩም። ጠዋት ይሄዳሉ፣ ማታ ይመጣሉ። ቤቱ ጠበበ ወይ ብየ አልጠየቅኋቸውም፤ እንዲህ ያለውን ነገር መንካት አያስፈልግም።

አንቺንም መቼ ትመጫለሽ ብየ አልጠይቅሽም። ባል ያለሽ ሰው ነሽ፣ ኑሮሽ እዚያ ነው፤ አላህ ካለ ልጆችሽም እዚያ ይወለዳሉ። ክፍልሽን ግን ሰው ሊከራየው ሲጠይቀኝ እህል አለበት እላለሁ። እህል የለበትም።

ዛሬ ይህን ስጽፍ አባትሽ ገቡና "ለማን ነው?" አሉኝ። "ለናጂሃ" አልኳቸው። ጫማቸውን አወለቁ፣ ተቀመጡ። ኋላ "ራጂያ መቼ ነው እሷ ዘንድ የምትደርሰው?" አሉ። ማክሰኞ ትነሣለች፤ ረመዳን ሲገባ እዚያ ናት አልኳቸው። "እንግዲያው ደብዳቤሽ ይቅደም። የረመዳን መጀመሪያ ጁምዓ፣ ከሰላት ስወጣ እኔ ራሴ እደውላለሁ" አሉኝ።

"ይደውሉላት፤ ደስ ይላታል።"

"እንደ እሁዱ ዝም ብልስ?"

እንደዚያ ብለው ሲጠይቁኝ ያ የሚፈራው ፊታቸው የለም። ፈተና እንደቀረበበት ልጅ ነው የሚያዩኝ። "ትጠብቅዎታለች" አልኳቸው። ስላንቺ ሁኜ ቃል ገባሁ ልጄ፤ አታሳፍሪኝ።

አላህ ትዳራችሁን የሰላም ያድርግላችሁ። እዚያ በሚደረገው ዱዓ ሁሉ ያንቺ ድርሻ አይጉደል፤ የቀረውን ዕድሜያችንን መተያያ ያድርገው። ለሙንዲር ሰላምታየን ንገሪልኝ፣ ልጄ ነው በይው። እህተ ማርያም ሕፃኑ ድኖላታል፤ ሰላም ትልሻለች።

ጁምዓ የአባትሽ ስልክ ሲመጣ አንሺው። ቢቆራረጥም፣ ዝም ቢሉም እንዳትዘጊው። ምን እንደበላሽ፣ ቤታችሁ በስንት ፎቅ እንደሆነ፣ ያገኘሽውን አውሪላቸው። እየሰሙሽ ነው።

እናትሽ
ኡምሀኒ